ስለ ፋይል ፊርማና ስለ ምርመራው

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጨርጨር ተራሮች መካከል ለተቀመጠችው ለጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ ለምትባለው ከተማ፣ ፕሮግራም የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሳት በሰው ኪስ ነው። አንዱ ነጋዴ ከድሬዳዋ፣ አንዱ ተማሪ ከአዲስ አበባ በፍላሽ ይዞት ይመጣል፤ ከዚያም ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ሂርናና ወደ በዴሳ፣ ወደ ገለምሶና ወደ ሚኤሶ ሲቀዳና ሲተላለፍ ይኖራል። በመጨረሻም እኔ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠው ላፕቶፕ ውስጥ ሲገኝ፣ ስንት እጅ እንዳለፈና ከእነዚያ እጆች የትኛው እንደ ነካካው የሚመሰክር ሰው የለም። እንግዲህ በኮምፒውተር ጥገና ሥራዬ ከሁሉ ይልቅ የጠቀመህ ዕውቀት የትኛው ነው ተብዬ ብጠየቅ፣ ከፋይሉ ጋር አብሮ የሚጓዘውን፣ በየእጁ ሲያልፍም የማይለየውን ዲጂታል ፊርማ ማንበብ ነው ብዬ እመልሳለሁ።

የፊርማን ዋጋ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጭሮን በጨርጨር ገዥነታቸው ዘመን ያቀኑት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሊቅ ናቸው፤ ነገር ግን ያ ረቂቅ ምንም ያህል የጥበብ ሥራ ቢሆን፣ የሕግነትን ኀይል ያገኘው የንጉሠ ነገሥቱ ፊርማ ባረፈበት ቀን ነው። የወረቀት ፊርማ ግን አንድ ድካም አለበት፤ ከተጻፈው ቃል ጋር በባሕርይ የተዋሐደ ስላልሆነ፣ ተንኰለኛ ከፊርማው በላይ ያለውን አንድ ቍጥር ፍቆ ቢለውጥ ፊርማው እንደ ነበረ ይኖራል። ዲጂታሉ ፊርማ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1976 ዲፊና ሄልማን የተባሉ ሊቃውንት ሐሳቡን ከገለጹ፣ በማግሥቱም ዓመት ሪቨስት፣ ሻሚርና ኤድልማን በሥራ ላይ የሚውልበትን ስሌት ካገኙለት ወዲህ ሥርዐቱ ይህ ነው፦ ፋይሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሰልቶ ዛሬ በተለመደው ዘዴ 256 ቢት ወደሚሆን አጭር አሻራ ይጠቃለላል፤ ሠሪውም ያን አሻራ ለብቻው በያዘው ምስጢራዊ ቍልፍ ይፈርምበታል፤ ማንም ሰው በግልጥ በተሰጠው ሁለተኛው ቍልፍ ፊርማውን ይፈትሻል። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል እንኳ ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናልና ፊርማው ይፈርሳል። ለእኛ አገር ደግሞ ትልቁ በረከት፣ ቍልፉ የማን እንደሆነ የሚመሰክሩት የታወቁት የምስክር ወረቀት (ሰርቲፊኬት) ሰጪዎች ዝርዝር በዊንዶውስ ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነ፣ መብራት እስካለ ድረስ ኔትወርክ በሌለበት ቀን እንኳ አብዛኛውን ምርመራ መፈጸም መቻሉ ነው።

አሠራሩ ለጀማሪ አስቸጋሪ አይደለም። የተጠረጠረውን ፋይል ራይት ክሊክ አድርጌ ፕሮፐርቲስ ስገባ፣ ፊርማው በፋይሉ ውስጥ ካለ ዲጂታል ሲግኔቸርስ የሚል ታብ ይታያል፤ ከዚያ ስሙን መርጬ ዲቴይልስ ስጫን ማሽኑ ራሱ ፊርማው ደኅና መሆኑን ወይም መፍረሱን ይነግረኛል። ብዙ ሰው የታቡን መኖር ብቻ አይቶ ይዘጋዋል፤ ይህ ግን ደብዳቤ ተቀብሎ ላኪውን ሳያነቡ እንደ መተው ነው። ሁሉንም ፋይል በየተራ መክፈት አድካሚ ስለሆነ፣ ሲግቼክ የተባለችው ትንሽ መሣሪያ በአንድ ፎልደር ውስጥ ያሉትን ያልተፈረሙ ፕሮግራሞች ለይታ ታወጣልኛለች፤ ኦቶረንስ የተባለው ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡትን ሁሉ አሰልፎ፣ የማይክሮሶፍትን ፊርማ የያዙትን ሸሽጎ የቀሩትን ብቻ ያሳየኛል። የዊንዶውስን አገልጋይ ፋይል ስም ተውሶ፣ በሲስተም 32 ሳይሆን በአፕዳታ ፎልደር ውስጥ የተሸሸገ፣ ፊርማም የሌለው ፋይል ሳገኝ ምርመራዬ ያን ጊዜውኑ ይፈጸማል።

እዚህ ላይ ግን ወጣት ባልደረቦቼን አጥብቄ የማስጠነቅቀው ነገር አለ። ታብ የሌለው ፋይል ሁሉ ፊርማ የለውም ማለት አይደለም፤ ከዊንዶውስ የራሱ ፋይሎች ብዙዎቹ የተፈረመላቸው ካታሎግ በሚባል ለብቻው በተቀመጠ መዝገብ ነውና፣ ታብ የለውም እያለ የሚሰርዝ ሰው ሥርዐቱን ራሱን ያፈርሳል። እንዲሁም የሰርቲፊኬቱ ዘመን አለፈ ማለት ፊርማው ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ በተፈረመበት ጊዜ የሰዓት ማኅተም አብሮ ከተደረገለት፣ ሰርቲፊኬቱ በሕይወት ሳለ የተፈረመ መሆኑ ስለሚታወቅ ፊርማው እንደ ጸና ይኖራል።

የፈራሚውን ስም ማንበብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲትዝን ላብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ያወጣውን ጥናት ማስታወስ ይበቃል። በውጭ አገር ይኖሩ ለነበሩ የኦሮሞ ተሟጋቾች፣ ለኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ሰዎችም ጭምር፣ ቪዲዮ ለማየት የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ ያስፈልጋችኋል የሚል ወጥመድ ተላከላቸው፤ ማሻሻያ የተባለው ግን የሰውን ኮምፒውተር የሚሰልል ፕሮግራም ነበረ። እውነተኛው የፍላሽ ፕሮግራም በአዶቤ ኩባንያ ስም የተፈረመ ነበረ። ከመጫን በፊት ያን ስም መፈለግ ጥቂት ሰኮንድ ብቻ ይወስድ ነበር፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ማሻሻያ ነኝ የሚል ፋይል ባየሁ ቍጥር አስቀድሜ የምጠይቀው የማንን ስም መያዝ እንደሚገባው ነው፤ ፊርማውን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ፊርማው ትክክል ሆኖ ፕሮግራሙ ያልተፈለገ ሲሆን ነው። አንድ የሂርና መምህር፣ ብራውዘራቸው በተከፈተ ቍጥር የማያውቁት የመፈለጊያ ገጽ እየመጣና ማስታወቂያ እየተደራረበ አስቸግሯቸው ላፕቶፓቸውን ይዘውልኝ መጡ። የተጫነውን ቱልባር አገኘሁትና ፊርማውን ከፍቼ አሳየኋቸው፤ ደኅና ነው ይላል።

«ልጄ፣ ፊርማው ትክክል ከሆነ ታዲያ ለምን ታጠፋዋለህ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ፊርማው የሚመሰክረው ማን እንደ ሠራው ነው እንጂ ለእርስዎ እንደሚበጅ አይደለም። እርስዎ ፈልገው ነው ያስገቡት?»

«ኧረ እኔ አላውቀውም። የፒዲኤፍ ማንበቢያ ስጭን ኔክስት፣ ኔክስት እያልሁ ነው ያለፍሁት።»

ሕጋዊ ድርጅት፣ ሕጋዊ ሰርቲፊኬት፣ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ስምምነት፤ አንቲቫይረሱም ዝም ያለው ስለዚህ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያው ፊርማ ለእኔ መሪ ሆነኝ፤ በዚያው ድርጅት ስም የተፈረሙትን ፋይሎች በኮምፒውተሩ ሁሉ ስፈልግ፣ በሌላ ፎልደር የተቀመጠውን አሻሻዩንና ቱልባሩ በተነቀለ ቍጥር መልሶ የሚተክለውን አገልጋዩን አገኘሁ፤ በመምህሩ ፈቃድም ሁሉንም በአንድነት ነቀልኋቸው። ፊርማው የጸና ሆኖ ከዚህ የባሰ ጕዳት የደረሰበትም ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስተክስኔት የተባለው ተንኰለኛ ፕሮግራም ከሪልቴክና ከጄማይክሮን ኩባንያዎች በተሰረቀ ቍልፍ ተፈርሞ ነበር፤ በ2017ም በየጥገና ቤቱ የምንወደው የኮምፒውተር ማጽጃ ፕሮግራም ሲክሊነር፣ 5.33 የተባለው እትሙ፣ በእውነተኛ ሠሪው ፊርማ ታትሞ ሳለ ባዕድ ተንኰል በውስጡ ተገኝቶበታል። እንዲህ ያለው ሰርቲፊኬት መሻሩን የሚያሳውቀው ዝርዝር በኔትወርክ ስለሚመጣ፣ የጠረጠርሁትን ማሽን ኔትወርክ ሲገኝ ደግሜ ሳልፈትሽ ለባለቤቱ አልመልስም።

በተቃራኒው፣ ቅን ሆነው ሳለ ፊርማ የሌላቸው ፕሮግራሞች አሉ። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለመጻፍ፣ የተማሪ ውጤት ለመደመር፣ የሱቅ ሒሳብ ለመያዝ የአገራችን ልጆች ብቻቸውን ደክመው የሠሯቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች ወደ እኔ ሲመጡ ብዙዎቹ ፊርማ አልነበራቸውም፤ ሰርቲፊኬት በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነገር ነውና አልፈርድባቸውም። አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ በአገራችን የሕግ መሠረት የጣለ ቢሆንም፣ ለእነዚህ ልጆች ሥራ የሚሆን ርካሽ ሰርቲፊኬት በአገር ውስጥ ቢገኝ ምንኛ በወደድሁ። እስከዚያው ድረስ ፕሮግራሙን ከሠሪው እጅ በቀጥታ የተቀበልሁ እንደ ሆነ፣ በዊንዶውስ ውስጥ ባለው ሰርትዩቲል በተባለ መሣሪያ አሻራውን አስልቼ 64ቱንም ፊደልና አኃዝ በደብተሬ እመዘግባለሁ፤ ያው ፕሮግራም ከወራት በኋላ ከገለምሶ ወይም ከበዴሳ በሰው ፍላሽ ተመልሶ ሲመጣም አሻራውን ደግሜ አስልቼ ከደብተሩ ጋር አስተያየዋለሁ፤ አንዲት ፊደል እንኳ ብትለይ የመጣውን ሰርዤ ከእኔ ዘንድ ያለውን ቅጂ እሰጣለሁ፤ ፍላሹ የተሰካባቸው ሌሎች ኮምፒውተሮች የማን እንደሆኑም ጠይቄ ባለቤቶቻቸው ይዘው እንዲመጡ እልክባቸዋለሁ።