የተቀዳው ድምፅና የአዳራሹ ጊታር

እንደሚታወቀው፣ ዛሬ ጊታር የሚማር ወጣት መምህሩ በአብዛኛው የተቀዳ ሙዚቃ ነው። የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ወጣት ተጫዋቾችም ከዚህ የተለዩ አይደሉም። የቀድሞዎቹ ባንዶች በሸክላና በካሴት የተዉትን የጊታር ድምፅ ከራሳቸው አምፕሊፋየር ለማውጣት ይመኛሉ። ምኞቱ አይነቀፍም። የሚነቀፈው የቆሙበትን አዳራሽ ሳያዳምጡ ቅጂውን ብቻ ማሳደድ ነው።

ለምሳሌ ያህል ኢቤክስ ባንድን እንመልከት። ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም የነበረበት ይህ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1976 በመሣሪያ ብቻ የተጫወታቸውን ዜማዎች የቀዳው በአዲስ አበባ በራስ ሆቴል አዳራሽ ነው። ቦታውን ልብ ማለት ይገባል። ሰው ተሰብስቦ የሚጨፍርበት አዳራሽ እንጂ ለቀረጻ ተብሎ የታነጸ ክፍል አልነበረም። ወጣቶቻችን «የቅጂ ድምፅ» የሚሉት እንግዲህ በመነሻው የአዳራሽ ድምፅ ነበር።

ከዚያ አዳራሽ እስከ አድማጩ ጆሮ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። አምፕሊፋየሩ አየሩን ሁሉ ሲያንቀሳቅስ ማይክሮፎኑ የሚሰማው ከቆመበት ነጥብ ብቻ ነው። ካሴት ደግሞ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር የሚጓዝ፣ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ክር ነው፤ አንዱ ከሌላው በተገለበጠ ቁጥር ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል፣ ሹክሹክታውም ይበዛል። ይህን ድብዛዜ ለማግኘት አምፕሊፋየሩን የሚያፍን ተጫዋች የሚቀዳው የጊታሪስቱን እጅ ሳይሆን የክሩን እርጅና ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ባለ መጠን ጆሯችን በተለይ ወፍራሙን ድምፅ አሳንሶ ይሰማል። ስለሆነም በመኖሪያ ክፍል በዝግታ ተሞልቶና ተስተካክሎ ያማረው ድምፅ መድረክ ላይ ሲጎላ ወፍራሙ ይጎርፋል፤ ዘፋኙንም ማሲንቆውንም ይውጣል። ታዳሚውም ራሱ ድምፅ ይለውጣል። በባዶ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሲነጥር የነበረው ቀጭን ድምፅ፣ ጋቢ የደረበ የደጋ ሰው አዳራሹን ሲሞላው ይለዝባል። ከሰዓት በኋላ የተለካው ልኬት ለማታው አይሆንም።

የጎጃም ሊቃውንት በዚህ ረገድ የቆየ ትምህርት አላቸው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ያዳምጣል፣ መንገዱንም ይመረምራል፤ በተራው የሚያቀርበው ግን የራሱን ነው። የመምህሩን ቅኔ ቃል በቃል ቢደግም ባለቅኔ የሚለው የለም። አዝማሪውም ባለ አንድ ጭራ ማሲንቆውን ይዞ ሲገባ ቤቱንና ጫጫታውን አዳምጦ ነው ድምፁን የሚመጥነው።

ቅጂ የጠፋውን ዘመን ያስተላለፈልን ባለውለታ ስለሆነ ይደመጥ፣ ይጠና። ከእርሱ መወሰድ ያለበት ግን የአመታቱ ስልት፣ የዝምታው ቦታ፣ በትዝታና በባቲ ላይ የጣቶቹ አካሄድ ነው። ድምፁን በዚያው በሚጫወቱበት አዳራሽ መሥራት ያስፈልጋል። የሙዚቃ መምህራንና የኪነት ቡድን ኃላፊዎች ከልምምዱ ጊዜ ከፊሉን ወደ መድረኩ ቢያወጡት፣ ከተጫዋቾቹም አንዱ በየተራ ወርዶ ከኋላ ወንበር ቢያዳምጥ፣ ብዙ ፔዳል ከመግዛት ይበልጥ ይጠቅማል። የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው የመጣው ቤቱ ያለውን ካሴት ደግሞ ሊሰማ አይደለም።