የዕቃ ግዥ ሹምና ኅሊናው
በሳሙኤል ፒፕስ የቀን ማስታወሻ ላይ የቀረበ ሂስ

በገዛ ገንዘቡ ዕቃ የሚገዛ ሰው ቢታለል የሚጎዳው ራሱ ስለሆነ፥ ዓይኑን ገልጦ ዋጋ ይጠይቃል፤ ዕቃውንም ያገላብጣል፤ ይከራከራል። በሌላ ሰው ገንዘብ የሚገዛ ሰው ግን ቢታለል የሚጎዳው ሌላው ነው፤ ቢያታልልም የሚጠቀመው ራሱ ነው። ስለዚህ በትልቅ መሥሪያ ቤት የግዥ ሹም መሆን የሰውን ጠባይ ከሚፈትኑት ሹመቶች ሁሉ የከበደው ነው ብዬ አምናለሁ። ዳኛ የሚፈርደው በአደባባይ ነው፤ መምህር የሚያስተምረው በተማሪዎቹ ፊት ነው፤ የግዥ ሹም ግን ከነጋዴው ጋር የሚነጋገረው ብዙ ጊዜ በሩ ተዘግቶ ነው። ከተዘጋው በር በስተኋላ የተሠራውን የሚያውቁት ሹሙና ነጋዴው፥ ከእነርሱም በላይ እግዚአብሔር ብቻ ናቸው።

በዚህ ሹመት ላይ ተቀምጦ የሠራውን ሁሉ፥ በጎውንም ክፉውንም፥ በገዛ እጁ ጽፎ የተወ አንድ ሰው አለ። እርሱም ሳሙኤል ፒፕስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ከ1660 እስከ 1669 ዓ.ም. ድረስ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በየቀኑ የሠራውን በአጭር ጽሕፈት ምልክት ጽፎ፥ ስድስቱን ጥራዝ ከሌሎች መጻሕፍቱ ጋር በካምብሪጅ ለተማረበት ኮሌጅ እንዲተላለፍ አደረገ። ማስታወሻው ተፈትቶ በከፊል የታተመው በ1825 ዓ.ም. ሲሆን፥ ሳይቈረጥ ሙሉውን ለማንበብ የተቻለው ግን ከ1970 እስከ 1983 ዓ.ም. በ11 ጥራዝ ከታተመ በኋላ ነው።

ስለዚህ መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች በብዛት የሚያወሱት የ1665ን የሎንዶን ቸነፈር፥ የ1666ን ታላቅ ቃጠሎ፥ የቴአትር ቤቱንና የቤተ መንግሥቱን ወሬ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። እኔ ግን መጽሐፉን ያነበብሁት በሌላ ዓይን ነው። ለእኔ ይህ ከሁሉ በፊት የአንድ ዕቃ ገዥ መጽሐፍ ነው፤ ነገ የመሥሪያ ቤት ቍልፍና ማኅተም የምትረከቡ ወጣቶችም በዚህ ዓይን ብታነቡት ከወሬው የበለጠ ትጠቀሙበታላችሁ።

ፒፕስ በ1633 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ከልብስ ሰፊ ተወለደ። ትልቅ ሰው በሆነ ዘመዱ አማላጅነት በ1660 ዓ.ም. የባሕር ኃይሉ ቦርድ ጸሐፊ ሆነ፤ ደመወዙም በዓመት 350 ፓውንድ ነበር። ሹመቱ የጽሕፈት ይባል እንጂ ሥራው ግዥ ነበር። ለመርከብ መሥሪያ የሚሆን የወርካ ያህል ወፍራም ግንድ፥ ከኖርዌይና ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ የሚመጣ ምሰሶ፥ ለገመድ የሚሆን ቃጫ፥ ቅጥራን፥ ሸራ፥ ብረት፥ ይህ ሁሉ የሚገዛው በዚያ ቦርድ ፊርማ ነበር።

አሁን የመጽሐፉን የመጀመሪያ መልካም ነገር ልናገር። ፒፕስ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን የፈጸመ ሰው ሳለ፥ በሹመቱ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የማባዣ ሠንጠረዥ እንኳ አያውቅም ነበር። በሐምሌ ወር 1662 ዓ.ም. የ29 ዓመት ሰው ሆኖ፥ አንድ መርከበኛ ቀጥሮ፥ ማልዶ እየተነሣ እንደ ሕፃን ማባዛትን ተማረ። በሚቀጥለው ወር አንቶኒ ዲን ከሚባል የመርከብ ሠሪ ጋር ወደ ጫካ ሄዶ ግንድ እንዴት እንደሚለካ፥ ነጋዴዎችም በእንጨት ልክ ንጉሡን እንዴት እንደሚያታልሉት በዓይኑ አየ። ወደ ገመድ መሥሪያው ወርዶ የልዩ ልዩ አገር ቃጫ እየተሳበ ጥንካሬው ሲፈተን ተመለከተ።

ይህን ክፍል ያነበበ ወጣት አንድ ትልቅ ነገር ይማራል፤ ይኸውም ንጹሕ እጅ ብቻውን የማይበቃ መሆኑን ነው። ጉቦ የማይበላ፥ ነገር ግን ግንድ መለካት የማያውቅ ሹም፥ ከጉበኛው ያላነሰ የሕዝብ ገንዘብ ያጠፋል። ልዩነቱ ገንዘቡ የሚገባው በራሱ ኪስ ሳይሆን በነጋዴው ኪስ መሆኑ ብቻ ነው። «እኔ ባለሙያዎቹ ያመጡልኝን እፈርማለሁ» የሚል የግዥ ሹም ሥራውን ገና አልጀመረም።

ነገር ግን መጽሐፉ እየገፋ ሲሄድ ሌላ ታሪክ ይገለጣል። በሚያዝያ ወር 1663 ዓ.ም. ካፒቴን ግሮቭ የሚባል ሰው፥ ወደ ታንጂር ለሚሄዱ መርከቦች የኪራይ ሥራ ስላገኘለት፥ ለፒፕስ አንድ ደብዳቤ ሰጠው። ፒፕስ በውስጡ ገንዘብ እንዳለ ዐወቀ። ወደ ቢሮው ገብቶ ደብዳቤውን ከፈተና፥ ወደ ውስጥ ሳይመለከት ገንዘቡን አራግፎ አወጣ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወረቀቱን አየ። ይህንም ያደረገው፥ አንድ ቀን ቢጠየቅ በወረቀቱ ውስጥ ገንዘብ አላየሁም ለማለት እንዲችል መሆኑን ራሱ ጽፎታል።

በሚቀጥለው ዓመት በየካቲት ወር ሰር ዊልያም ዋረን የተባለው ታላቅ የእንጨት ነጋዴ ለሚስትህ ጓንት ነው ብሎ አንድ ጥቅል ሰጠው። ቤቱ ሄዶ ሲፈታው ከጓንቱ ጋር 40 የወርቅ ገንዘብ አገኘ፤ ከደስታውም የተነሣ ምሳውን መብላት አቃተው። ሐምሌ ሲደርስ ለዚሁ ለዋረን የ3,000 ፓውንድ የምሰሶ ውል ተፈጸመ፤ ፒፕስም በዚያ ቀን በእርሱ ቦታ ያለ ሰው አታላይ ቢሆን ምን ያህል መሥራት እንደሚችል እየተገረመ ጻፈ። መስከረም ላይ ደግሞ ዋረን በአንድ መጠጥ ቤት ለብቻው አግኝቶት 100 ፓውንድ በከረጢት ሰጠው፤ ማንም እንዳያይም ተጠነቀቀ። ፒፕስ ከረጢቱን በሠረገላ ይዞ እየተደሰተ ወደ ቤቱ ገባ። የካቲት፥ ሐምሌ፥ መስከረም፦ እነዚህን ሦስት ወራት ጐን ለጐን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ብዙ ሐያስያን ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት «የዘመኑ ልማድ ነበር» የሚል ነው። እኔ ይህን አልቀበልም፤ ምስክሬም ፒፕስ ራሱ ነው። ልማድ የሆነውን ነገር ሰው በአደባባይ ያደርገዋል። በደመወዙ ቀን ገንዘቡን ዓይኑን ጨፍኖ የሚቀበል ማን ነው? ያ ደብዳቤ ሳይታይ የተራገፈው የተከለከለ ነገር ስለነበረ ነው። ዋረንም ያን ከረጢት ከሰው ዓይን የሸሸገው ለዚሁ ነው። የዘመኑ ልማድ የብዙዎችን ጥፋት ያስረዳ ይሆናል፤ የአንዱን ኅሊና ግን አያጥበውም።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የረቀቀ ነው። ፒፕስ ስጦታ የተቀበለው ዕቃው ለንጉሡ ጥሩ፥ ዋጋውም ተገቢ በሆነበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የተጎዳ የለም ይላሉ። እርሱም በዚህ ሐሳብ ራሱን ያጽናና ነበር። ምናልባት የዋረን ምሰሶ በእውነት ጥሩ ይሆናል። ነገር ግን ጥሩ ነው ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? ወርቁን የተቀበለው አይደለምን? ሚዛኑን በአንድ እጁ የያዘ፥ በሌላው እጁ ከሻጩ የሚቀበል ሰው፥ ሚዛኑ ትክክል መሆኑን ራሱም እንኳ ሊያውቅ አይችልም። የጉቦ ትልቁ ክፋት ሰውን ውሸታም ማድረጉ አይደለም፤ እውነቱን ከውሸቱ የሚለይበትን ዓይን ማጥፋቱ ነው። ደግሞም የተሻለ ዕቃ ይዞ በሩ የተዘጋበት ሌላ ነጋዴ ቢኖር፥ እርሱ በማስታወሻው ውስጥ አይገኝም።

ይልቁንም የሚያስደንቀው ፒፕስ የሌሎችን ጥፋት ለማየት ዓይኑ የተሳለ መሆኑ ነው። የሥራ ባልደረባው ሰር ዊልያም ባትን ለሌላ የምሰሶ ነጋዴ ሲያዳላ አይቶ ተቃወመው፤ የባልደረቦቹንም ስሕተት ለይቶ የሚጽፍበት «ነጭ መጽሐፍ» የሚባል ሌላ መዝገብ ነበረው። በባትን ዓይን ያለው ጉድፍ ታየው፤ በራሱ ዓይን ያለው ምሰሶ ግን፥ የንጉሡ መርከብ ምሰሶ ሳለ፥ አልታየውም።

ለሰውየው መፍረድ ያለብን በእውነት ነውና የቀረውንም እናገራለሁ። በሰኔ ወር 1667 ዓ.ም. የሆላንድ መርከቦች የሜድዌይን ወንዝ ይዘው ገብተው የእንግሊዝን መርከቦች ሲያቃጥሉ፥ «ሮያል ቻርልስ» የተባለውንም ማርከው ሲወስዱ፥ የዚህ ውርደት ዋና ምክንያት የፒፕስ ጓንት አልነበረም። ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ትልልቆቹ መርከቦች ወደ ባሕር ሳይወጡ ቀርተው ነበር፤ መርከበኞቹም በገንዘብ ፈንታ የዕዳ ወረቀት እየተሰጣቸው ይራቡ ነበር። ዋጋው በጊዜው የማይከፈለው ነጋዴ ኪሣራውን በሚቀጥለው ዕቃ ላይ ስለሚጨምር፥ ድኻ ግምጃ ቤት ሁልጊዜ በውድ ይገዛል። ፒፕስ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ደጋግሞም ለአለቆቹ ነግሯል። በመጋቢት ወር 1668 ዓ.ም. በፓርላማ ፊት ቆሞ ከሦስት ሰዓት በላይ ስለ ቦርዱ ተከራከረ። ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ባሕር ኃይሉን በትጋት አገለገለ። ስለዚህ ሰነፍ ወይም የማይረባ ሹም ነበር አልልም። የሚያሳዝነው እንዲህ ያለ ብርቱ ሠራተኛ ሆኖ ሳለ መውደቁ ነው። ትጋት ስርቆትን አይከለክልም፤ እንዲያውም ትጉህ ሰው «ይህን ያህል ደክሜ ይህ ቢገባኝ ምን አለበት» የሚል ምክንያት ከሰነፉ ይልቅ ቶሎ ያገኛል።

ስለ መጽሐፉ አጻጻፍ የምሰጠው ፍርድም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ፒፕስ ምንም አይሸሽግም፤ ይህ ክብሩ ነው። ነገር ግን በየጊዜው ገንዘቡን ይቈጥርና ስላደገለት እግዚአብሔርን ያመሰግናል። በ1660 ዓ.ም. በጋ ወደ 100 ፓውንድ የነበረው ሀብቱ በ1666 ዓ.ም. መጨረሻ ከ6,200 በላይ ሆነ፤ ምስጋናውም አብሮ አደገ። ሹመቱን በያዘ በጥቂት ወር ውስጥ ዘመዱ የነገረውን ምክር አልዘነጋም፤ ይኸውም ሰውን የሚያከብረው የሹመቱ ደመወዝ ሳይሆን በሹመቱ ላይ ሳለ የሚያገኘው አጋጣሚ ነው የሚል ነበር። ሁሉን በምስጢር ጽሑፍ ስለጻፈ የተናዘዘ መሰለው። ኑዛዜ ግን ጥፋትን መተው እንጂ መመዝገብ ብቻ አይደለም። የመንግሥት ሒሳብ መርማሪዎች በጠየቁት ጊዜ ከሥራው ያገኘው ትርፍ ጥቂት መሆኑን በብዙ ቃል ተከራከረ፤ እውነተኛው መዝገብ ግን በመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ነበር። በወረቀት ላይ እውነተኛ፥ በሰው ፊት ሌላ፦ የመጽሐፉ ውበትም ጕድለቱም ይህ ነው።

የፒፕስ ዘመድ የሰጠው ምክር ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል አባባል በአገራችን አለ። ስለ ተረትና ምሳሌያችን ብዙ ክብር አለኝ፤ ይህን አባባል ግን ከአባቶች ጥበብ መካከል አልቈጥረውም። የተበላው የማን እንደሆነ አይናገርምና። ቋንቋችን እጅ መንሻ፥ መማለጃ፥ ጉቦ እያለ ይለያያል፤ የግዥ ሹም ግን ሦስቱን ለመለየት ጊዜ ማጥፋት የለበትም። ከሻጭ የመጣ ከሆነ ስሙ አንድ ነው።

ወጣት አንባቢዎቼ፥ ዛሬ ጨረታ በጋዜጣና በኮምፒዩተር ይወጣል፤ ኮሚቴ ይሰየማል፤ ፖስታው በሰው ፊት ይከፈታል። ይህ ሁሉ ከፒፕስ ዘመን ይሻላል። ነገር ግን የሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ልክ የሚጻፈው ፖስታው ከመከፈቱ በፊት ነው፤ ያን ዝርዝር ለአንድ ነጋዴ ቁመት ሰፍቶ የሚያወጣ ብዕር ካለ፥ በአደባባይ የሚደረገው ሁሉ ሥርዓት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጠባቂው ሕግ ብቻ ሊሆን አይችልም። የማታውቁትን ለመማር አትፈሩ፤ በዚህ ፒፕስን ምሰሉ። ከነጋዴ ጋር የምትነጋገሩትን ሁሉ ሦስተኛ ሰው ባለበት ተነጋገሩ፤ በዚህ ከፒፕስ ራቁ። አንድ ስጦታ በመጣላችሁ ጊዜም፥ «ይህን ወረቀት ወደ ውስጡ እያየሁ ልከፍተው እችላለሁን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የማትችሉ ከሆነ፥ ሳትከፍቱ ለአመጣው ሰው መልሱለት።