ኩኩሉ፣ ቡቺ!

ኧረ ስሙኝማ! ይህን ነገር ለራሴ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም። ለጎረቤት አወራሁ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ አወራሁ፣ የታክሲ ረዳት ሳይቀር ሰምቶኛል። ውሻ የሚፈሩ ልጆችን ከውሻ ጋር የሚያጫውት ጨዋታ አገኘሁ! ያውም ሁላችንም ያደግንበት ድብብቆሽ!

የእህቴ ልጆች ክረምቱን እኛ ጋ ሊያሳልፉ መጡ፤ ትልቁ 8 ዓመቱ፣ ትንሿ 5። የእኛ ቡቺ ሰው ሲያይ ከጅራቱ ጋር ወገቡ አብሮ የሚወዛወዝ፣ ሌባ ቢመጣ ተቀብሎ ሳሎን የሚያስገባ ውሻ ነው። ልጆቹ ግን ይህን በምን ይወቁት? "ዝም ካላልሽ ውሻው ይበላሻል" እየተባሉ፣ በየበሩ "ከውሻ ተጠንቀቁ" የሚል እያነበቡ ነው ያደጉት። (እኛስ ብንሆን መች በሌላ አደግን?) ቡቺ ብቅ ሲል ትንሿ ሶፋ ላይ ወጥታ ትጮኻለች፤ ትልቁ "እኔ እንኳን አልፈራም" ይልና መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋል።

መጀመሪያ እጇን ይዤ "ነይ ዳብሺው፣ ምንም አያደርግሽም" አልኳት። ለቅሶዋ ጎረቤት ጠራ። ኳስ ሰጠኋቸው፤ ባሰ! ልጅ ሲሮጥ ውሻ ይከተላል፣ ልጅ ሲጮኽ ውሻ ይብሱን ይግላል። ለቡቺ ጨዋታ የሆነው ለእነሱ መባረር ነው።

ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ትንሿ ሶፋዋ ላይ እንደተሰቀለች የያዘችው ዳቦ አምልጧት ሰፌድ ሥር ገባ። ቡቺ ገባ። እሷን ዞር ብሎም አላየ! አፍንጫው ምንጣፉ ላይ ተተክሎ፣ ፍን ፍን ፍን እያለ፣ ወንበሩን ዞረ፣ ረከቦቱን አለፈ፣ ተመለሰ፣ ሰፌዱን በአፍንጫው ገለበጠና ዳቦውን ዋጥ! ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። "አክስቴ፣ አሁንም ደብቂበት!"

በቃ፣ ያችን ነገር ነው ያገኘሁት! ውሻ ሲያሸት በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል አየር ይስባል፤ ልቡም ዓይኑም አፍንጫው ላይ ነው። የፈራ ልጅን የሚያስጨንቀው ደግሞ ያ ፊት ለፊት የሚያፈጥ ዓይንና ዘሎ የሚመጣ እግር ነው። እዚህ ሁለቱም የሉም። የሚሮጥ የለም፣ የሚነካካ የለም። ከሁሉም በላይ አዛዧ ልጅቷ ናት! የት እንደሚደበቅ እሷ ትመርጣለች፣ መቼ እንደሚጀመር እሷ ትወስናለች።

እኔ ቡቺን በገመድ ይዤ ጓዳ እቆያለሁ፤ ልጆቹ ቁራሹን ደብቀው ሶፋቸው ላይ ይወጣሉ፤ "ኩኩሉ!" ሲሉ እንገባለን። በ3ኛው ቀን ትንሿ ከሶፋው ወርዳ አየኋት። በሳምንቱ ትልቁ ዳቦውን ትቶ ራሱን ከመጋረጃ ጀርባ ደበቀ! እኔ ገመዱን እንደያዝኩ ነው፤ ቡቺ ግን አልዘለለበትም፣ ጫማውን አሽትቶ ቁጭ አለና ሽልማቱን ጠበቀ። ልጁ እጁን ዘርግቶ ደረቱን አከከው። ማንም አላዘዘውም! እኔ እንባዬ መጣ፤ ሳቁብኝ ከፈለጋችሁ።

የቡቺም ነገር አይረሳ፤ እሱም ይሰለቻል። ኖርዌያዊቷ አሠልጣኝ ቱሪድ ሩጋስ ስለ ውሾች የማረጋጊያ ምልክቶች መጽሐፍ ጽፋለች፤ ውሻ እንቅልፍ ሳይመጣው ሲያዛጋ፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ሲልስ፣ ፊቱን ሲያዞር የሚናገረው ነገር አለ። ልጆቹ ይህን ከኔ ፈጥነው ያዙት። ትንሿ አሁን "አክስቴ፣ አዛጋ፤ ደክሞታል" ብላ ጨዋታውን የምታስቆም ዳኛ ሆናለች።

እንግዲህ ግልፍተኛ ያልሆነ ውሻ ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ሞክሩት! የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ የተሟላ ይሁን፤ አዋቂ ሰው ለአፍታም ከክፍሉ አይውጣ። የምትደብቁት ደግሞ ባዶ ዳቦ እንጂ ወጥ የነካው እንዳይሆን፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።