ስምን አይቶ መፍቀድ፤ ኖስክሪፕት በተባለው ቅጥያ ላይ የቀረበ ትችት

ጆርጆ ማኦኔ የተባለ ኢጣልያዊ የፕሮግራም ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2005 ለፋየርፎክስ ብራውዘር ያወጣው ኖስክሪፕት ዛሬም ብዙ ወዳጆች አሉት፤ ማንነትን ለመሰወር በሚያገለግለው በቶር ብራውዘር ውስጥም አብሮ ተካትቶ ይገኛል። ስለዚህ መሣሪያ የሚሰጠው ምስጋና ግን አንዳንድ ጊዜ ከልክ ያልፋል፤ ቅጥያውን የጫነ ሰው ድረ ገጹን ሙሉ በሙሉ በቁጥጥሩ ሥር እንዳደረገ ተቆጥሮ ይነገራል። ይህ አስተያየት እስከ ምን ድረስ እውነት እንደሆነ መመርመር ይገባል።

እንደሚታወቀው አንድ የጋዜጣ ገጽ በተከፈተ ጊዜ በብራውዘሩ ውስጥ የሚሠሩት የጃቫስክሪፕት ትእዛዞች ሁሉ ከጋዜጣው ቤት የመጡ አይደሉም። ገሚሶቹ ከማስታወቂያ ነጋዴዎች፣ ገሚሶቹ የአንባቢውን አካሄድ ከሚከታተሉ ድርጅቶች፣ የቀሩትም ለሁሉ የጋራ ኮድ ከሚያድሉ ስፍራዎች ይመጣሉ። ኖስክሪፕት ሥራውን የሚጀምረው ያልተፈቀደውን ሁሉ በመከልከል ነው፤ ከዚያም የላኪዎቹን የአድራሻ ስም ደርድሮ ለተጠቃሚው ያሳያል። ተጠቃሚውም የወደደውን ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው ይፈቅዳል። የመሣሪያው ትልቅ ሙያ ይህ ነው፤ አንድ እንግዳ ሲጠራ ስንት ሰው ተከትሎት እንደሚገባ በግልጽ ያሳያል። በአገራችን ኢንተርኔትን በሜጋባይት ለሚገዛ ተማሪም የማይፈልገው ኮድ ሳይወርድ መቅረቱ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ይሁን እንጂ መሣሪያው «ከማን መጣህ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ምን ልትሠራ መጣህ?» ብሎ አይጠይቅም። የጌታውን ስም ሰምቶ የሚያስገባ፣ ከጋቢው ሥር ያለውን ግን የማይፈትሽ እልፍኝ አስከልካይ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪቲሽ ኤርዌይስ ላይ በደረሰው ስርቆት፣ የተሳፋሪዎችን የክፍያ ካርድ ቁጥር የሚሰርቁት ጥቂት መስመሮች የተጨመሩት በአየር መንገዱ በራሱ ድረ ገጽ ላይ በነበረ ኮድ ውስጥ ነበር። ቲኬት ሊቈርጥ የመጣ ሰው የአየር መንገዱን ስም ሳይፈቅድ እንዴት ይቈርጣል?

ከዚህ የባሰው የፖሊፊል ነገር ነው። ፖሊፊል ለአሮጌ ብራውዘሮች የሚጎድላቸውን ችሎታ የሚሞላ ኮድ የሚያድል፣ የታመነ አገልግሎት ነበር። የአድራሻው ስም በፌብሩዋሪ 2024 ለአንድ የቻይና ኩባንያ ተሸጠ፤ በዚያው ዓመት በጁን ወር ከ100,000 በላይ ድረ ገጾች ይገለገሉበት የነበረው ኮድ አንዳንድ ጎብኚዎችን ወደማይፈልጉት ገጽ የሚነዳ ተንኰል እንደ ተጨመረበት ታወቀ። ይህን ስም ከሽያጩ በፊት «ለዘለቄታው» የፈቀደ ሰው ፈቃዱ ሳይነካ በቦታው ቆይቶት ነበር። ስሙ ያው ነው፤ ባለቤቱ ግን ሌላ ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ኮዱን መስመር በመስመር ማን ያንብብ?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም ትክክለኛ ነው። ስክሪፕቶች የሚላኩት ክፍተታቸው ተነሥቶ፣ ስሞቻቸው አጥረው ስለሆነ ባለሙያም ቢሆን በቀላሉ አያነባቸውም። ስለዚህ በስም መፍረድ ግድ ሳይሆን አይቀርም። ጠባቂው ራሱም የሚታመነው በስሙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ኖስክሪፕት የደራሲውን ድረ ገጾች ማስታወቂያ ለማሳየት ሲል የአድብሎክ ፕላስን ማጣሪያ ተጠቃሚው ሳይጠየቅ ነክቶ ነበርና። ማኦኔ በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ሥራውን አስተካክሏል፤ ይህም ያስመሰግነዋል።

በኋለኞቹ እትሞች ፈቃድን በአንድ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ወስኖ መስጠት ተችሏል። ይህ መልካም እርምጃ ነው፤ የጊዜውን ጥያቄ ግን አይመልስም። ለጊዜው የተሰጠ ፈቃድ ብራውዘሩ ሲዘጋ ይቀራል፤ የዘለቄታው ግን ተጠቃሚው ራሱ እስኪሽረው ድረስ ይኖራል። በሁለቱ መካከል ምንም የለም። በየቀኑ መፍቀድ የሰለቸው ሰው ወደ ሁለተኛው ማዘንበሉ የታወቀ ነው፤ ገጹ አልከፈት ሲለው ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚፈቅደውም ብዙ ነው። እንደ እኔ አስተያየት «ለዘለቄታው» የሚለው ምርጫ ተነሥቶ በምትኩ ቀን የተቈረጠለት ፈቃድ፣ ለምሳሌ የ90 ቀን፣ ሊገባ ይገባል፤ ቀኑ ሲያልፍም ስሙ እንደ አዲስ እንግዳ ከበር ቆሞ ይጠየቅ።