ዕውር ብረት፦ ታንክ በሳይንሳዊ ልብ ወለድና በጦር ሜዳ

ስለ ወደፊቱ ዘመን የጦር መሣሪያ የተጻፉ ልብ ወለዶች በተነሡ ቁጥር ሐያስያን ዘወትር የሚያቀርቡት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ደራሲው ትንቢቱ ያዘለት ወይስ ሳተ?» የሚል። ይህ ጥያቄ ደራሲን ከጠንቋይ፣ ድርሰትንም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ጋር የሚያስተካክል በመሆኑ እኔ ብዙም አልወደውም። ትንቢቱ የያዘለት ሰው ደካማ ድርሰት ሊጽፍ ይችላል፤ ትንቢቱ የከሸፈበትም ድንቅ ሥራ ሊያበረክት ይችላል። ታንክን ባለ ታሪክ ያደረጉትን ድርሰቶች ስመረምር ለእኔ የጠቀመኝ ከዚህ የቀለለ ጥያቄ ነው፤ ይህ ብረት ምን ያያል? በውስጡ የተቀመጠው ሰውስ ዓለምን የሚመለከተው በየትኛው ቀዳዳ ነው? አንድ እንግሊዛዊና ሁለት አሜሪካውያን ደራስያንን በዚህ ጥያቄ እፈትናለሁ፤ ከጎናቸውም እውነተኛውን ታንክ አቆማለሁ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤች. ጂ. ዌልስ «የምድር ብረት ለበሶች» የተሰኘውን አጭር ልብ ወለዱን በ«ስትራንድ» መጽሔት ላይ ያወጣው በዲሴምበር 1903 ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። ሁለት ጦሮች ምሽግ ቆፍረው ተፋጥጠዋል። አንደኛው ወገን ፈረስ መጋለብ፣ አነጣጥሮ መተኮስ፣ ሜዳ ማደር የለመደ የገጠር ሰው ነው፤ ሌላው የከተማ ልጅ፣ የፋብሪካና የጽሕፈት ቤት ሰው ነው። ታሪኩን የምናየው ከገጠሬዎቹ ጋር በሰፈረ አንድ የጦር ሜዳ ጋዜጠኛ ዓይን ሲሆን፣ በዚያ ሰፈር ድሉ የማን እንደሚሆን የሚጠራጠር የለም። ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ግን ከሰማንያ እስከ መቶ ጫማ የሚረዝሙ፣ በእንፋሎት የሚንቀሳቀሱ፣ ምሽግን እንደ ቦይ የሚሻገሩ ዐሥራ አራት ዐሥራ አምስት የብረት ጭራቆች ከጭለማው ብቅ ይላሉ። ቀኑ ሳይመሽ ያ ሁሉ ፈረሰኛና አልሞ ተኳሽ ምርኮኛ ወይም ሬሳ ሆኗል።

ዌልስን የሚያወድሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት የብረቱን ውፍረትና የመንኰራኩሩን ብልኃት ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ውስጡ ያለው ተኳሽ ነው። እያንዳንዱ ተኳሽ ብርሃን በማይገባበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ፊት ቆሟል። የውጭው ሜዳ ምስል በሌንስ ተሰብስቦ፣ ደማቅና ጥቃቅን ሆኖ ከፊቱ ያርፋል፤ በምስሉም ላይ ሁለት መስመሮች ተጠላልፈዋል። ተኳሹ እንደ ነዳፊ ኮምፓስ ያለ ባለ ሁለት እግር መለኪያ ይዞ የሚገድለውን ሰው ቁመት ይለካል፤ መለኪያው በተከፈተና በተዘጋ መጠን የጠመንጃው ማነጣጠሪያ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሲስተካከልለትም እንደ በር ደወል ያለች ቁልፍ ይጫናል። ፉከራ የለም፣ ቁጣ የለም፣ ላብ የለም። የሒሳብ መዝገብ የሚያመዛዝን ጸሐፊ ቢሆን ከዚህ የተለየ ፊት አያሳይም ነበር።

የዌልስ ልብ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ለመናገር ያስቸግራል፤ ለገጠሬዎቹ ሐዘኔታውን፣ ለከተሜዎቹ ግን ድሉን ይሰጣል። የድርሰቱ ጥንካሬ ይህ ምፀት ነው። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል። የእርሱ ብረት ዕውርነትን አያውቅም፤ ተኳሹ ሁሉን ያያል፣ እርሱን ግን ማንም አያየውም። ሁለቱን በአንድነት ያገኘ ወታደር በዓለም ታሪክ አልነበረም።

እውነተኛው ታንክ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ መጣ። በሴፕቴምበር 15 ቀን 1916 በፈረንሳይ በሶም ጦር ሜዳ እንግሊዞች ለመጀመሪያ ጊዜ ታንክ ሲያሰልፉ፣ ከተዘጋጁት 49 መካከል ሲሶ የሚሆኑት ከማጥቂያው መነሻ መስመር እንኳ ሳይደርሱ ተበላሽተው ወይም ጭቃ ውጧቸው ቀርተዋል። (ስያሜው ራሱ የማታለያ ስም ነበር፤ ምሥጢሩ እንዳይወጣ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው ተብሎ «ታንክ» ተባለ። እኛ ደግሞ ውሃውን «ታንከር»፣ ጦሩን «ታንክ» ብለን ለያየናቸው፤ ከእንግሊዞቹ ይልቅ እኛ ጠንቃቆች ሳንሆን አንቀርም።) በዚያ 28 ቶን በሚመዝን ሣጥን ውስጥ ስምንት ሰዎች ነበሩ። ሞተሩ ያለ ምንም ግድግዳ በመካከላቸው ይጮኻል፤ ሙቀቱ ያፍናል፤ ጢሱ አእምሮ ያስታል። ማርሽ ለመቀየርና ለመታጠፍ አራት ሰዎች መተባበር ስለሚኖርባቸውና መነጋገርም ስለማይቻል፣ በእጅ ምልክትና ብረት በብረት በመምታት ይግባቡ ነበር። ወደ ውጭ የሚያዩት በጠባብ ስንጥቅ ነው፤ ጥይት ብረቱን ሲመታ ፍንጣሪው በዚያው ስንጥቅ ገብቶ ዓይን ያጠፋል። ለወገን ጦር መልእክት ማስተላለፍ ሲፈልጉ የሚለቁት እርግብ ነበር። የዌልስ ጸጥተኛ ጸሐፊ የት፣ ይህ ጥቀርሻ የለበሰ ምስኪን የት!

ከዚህ ላይ ለእኛ አንባብያን ቅርብ የሆነ ታሪክ መጥቀስ ይገባል፤ የዌልስ ድርሰት በገሐድ የተፈተነው በሀገራችን ምድር ነውና። በዲሴምበር 15 ቀን 1935 ተከዜን የተሻገረው የልዑል ራስ እምሩ ጦር ቀዳሚ ክፍል በሽሬ በደምበጉይና በር ላይ ከኢጣልያ ትንንሽ ታንኮች ጋር ተገናኘ። የገጠር ሰው ከፋብሪካ ብረት ጋር፣ ልክ እንደ ድርሰቱ። ውጤቱ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። እነዚያ ሦስት ቶን የሚሆኑ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ ታንኮች ከላያቸው ላይ ዙሪያውን የሚሽከረከር የመድፍ ቤት አልነበራቸውም፤ መትረየሳቸው ወደ ፊት የተተከለ ሲሆን ግራና ቀኝ የሚዞረው በጥቂቱ ብቻ ነው። አርበኞቹ ይህን ያስተማራቸው የጦር ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ዓይናቸው ነው። ከጎንና ከኋላ ዞረው ከበቧቸው፣ ላያቸው ላይ ወጡ፣ አንዳንዶቹን ገለበጡ፣ ሌሎቹን አቃጠሉ። ዌልስ ያላሰበው ነገር ይህ ነበር፤ ብረቱ ጀርባ አለው፣ በጀርባውም ዓይን የለውም።

ስለ ደምበጉይና ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ከዚህ ላይ ይቆማል፤ የጀግንነት ታሪካችን ነውና ልባችን እዚያው እንዲያርፍ እንወዳለን። እኔ ግን ስምንት ቀን ወደ ፊት ልሂድ። በዲሴምበር 23 ቀን በተከዜ አካባቢ በነበረው በዚያው በራስ እምሩ ጦር ላይ የኢጣልያ አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ አዘነቡበት። ታንኩን ከጀርባው ያሸነፈውን ሰው ከሰማይ የመጣው አሸነፈው። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ዴቪድ ድሬክ የሕግ ትምህርቱን አቋርጦ ለውትድርና የተመለመለ፣ በ1970 ከ11ኛው የብረት ለበስ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ጋር በቬትናምና በካምቦዲያ ያገለገለ ሰው ነው። በ1979 የታተመው «የሐመር ቅጥረኞች» ብዬ የምተረጉመው የታሪኮች መድበሉ በገንዘብ የሚዋጋ የታንከኛ ክፍለ ጦር ከፕላኔት ፕላኔት ሲዘዋወር ያሳያል። ታንኮቹ 170 ቶን የሚመዝኑ፣ በአየር ትራስ ላይ የሚንሳፈፉ፣ የአቶም ኃይል የሚነዳቸው ናቸው። አንዳንድ ሐያስያን ደም የተጠማ ደራሲ ይሉታል፤ እኔ አልስማማም። ከእርሱ በቀር የታንከኛን ድካም፣ እንቅልፍ ማጣትና ከጊዜ በኋላ የሚመጣ ድንዛዜ በዚህ ዓይነት ሐቀኝነት የጻፈ የዚህ ዘውግ ደራሲ አላጋጠመኝም። ሆኖም ታንኩን የጦር ሜዳ ንጉሥ ለማድረግ ምን መክፈል እንደ ነበረበት ልብ እንበል። በእርሱ ዓለም የታንኮቹ መሣሪያ ከአድማስ በላይ ብቅ ያለውን ሁሉ፣ አውሮፕላንም ሆነ የመድፍ ጥይት፣ በቅጽበት ያወርዳል። ስለዚህ ሰማዩ ባዶ ነው። ድሬክ ታንኩን ያነገሠው ከላዩ የሚያየውን ዓይን ሁሉ አስቀድሞ አጥፍቶ ነው።

የእኛ ዘመን ሰማይ ግን አልጸዳም። ሰውን ከታንኩ ውስጥ አውጥቶ ብረቱን ከሩቅ የመንዳት ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ሶቪየቶች በ1939-40 በፊንላንድ ጦርነት በሬዲዮ የሚታዘዙ ታንኮች አሰልፈው ነበር። ችግሩ ነጂው ከኋላ በሌላ ታንክ ተቀምጦ የፊተኛውን በዓይኑ መከተል የነበረበት መሆኑ ነው። ሩስያ በ2018 በሶርያ የሞከረችው «ኡራን-9» የተባለ ሰው አልባ ተሽከርካሪም በሕንፃዎች መካከል ከነጂው ጋር ያለው ግንኙነት እየተቋረጠ አስቸግሯል። በሜይ 2015 በሞስኮ የሰልፍ አደባባይ የታየው «ቲ-14 አርማታ» ደግሞ መካከለኛ መንገድ መረጠ፤ የመድፍ ቤቱን ሰው አልባ አድርጎ ሦስቱን ታንከኞች ከፊት በተመሸገ ክፍል ውስጥ አስቀመጣቸው። ውጭውን የሚያዩት በአብዛኛው በካሜራ ነው። የዌልስን ጨለማ ክፍል ያስታውሷል! ይሁን እንጂ ይህ ታንክ እስካሁን በብዛት ተሠርቶ አልታየም።

ከ2022 ጀምሮ በዩክሬን የታየው ከሁሉም ልብ ወለድ የራቀ ነው። ጥቂት መቶ ዶላር የሚያወጣ ትንሽ ድሮን ፈንጂ ተሸክሞ ሚሊዮኖች የሚያወጣውን ታንክ ከላይ፣ ብረቱ ከሚሳሳበት ቦታ ይመታዋል። አሜሪካ ለዩክሬን ከሰጠቻቸው 31 የ«ኤብራምስ» ታንኮች የተረፉት በድሮን ብዛት ምክንያት ከግንባር ገለል እንዲሉ መደረጋቸውን የአሜሪካ የጦር ባለ ሥልጣናት በኤፕሪል 2024 ተናግረዋል። ወታደሮቹ መጀመሪያ ከታንኩ በላይ የብረት ፍርግርግ ዘረጉ። በ2024 ደግሞ የሩስያ ታንከኞች ታንኩን በሙሉ በቆርቆሮና በብረት ሸፍነው እንደ ተንቀሳቃሽ ጎተራ አደረጉት፤ ሰዎች «ኤሊ ታንክ» አሉት። በአንዳንዶቹ ላይ ሽፋኑ መድፉ እንዳይዞር ይከለክላል፤ ነጂው ከፊቱ ካለች ጠባብ ክፍተት በቀር አያይም። መቶ ዓመት የተደከመበት ማሽን ራሱን ለማዳን ሲል በገዛ እጁ ዓይኑን ጨፈነ፤ ወደ ሶም ተመለሰ ማለት ነው።

ታዲያ ዓይኑ የት ሄደ? ከብረቱ ወጥቶ ወደ ሰማይ ሄደ። ከግንባሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ በምድር ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ብርሃን በማያስገባ መነጽር ዓይኑን ሸፍኖ፣ ከፊቱ የሚታየውን ደማቅ ጥቃቅን ምስል እያየ ጣቱን የሚያንቀሳቅሰው የድሮን ነጂ የዌልስ ተኳሽ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ አርቆ ያየው ታንኩን ነው ሲባል ኖሯል፤ እኔ ግን ያየው ሰውዬውን ነው እላለሁ። ተሳስቶ ብረት ውስጥ አስቀመጠው እንጂ ሰውዬውን አልሳተውም።

ይህን የምለው ለሥነ ጽሑፍ ክርክር ብቻ አይደለም። ያቺ የዌልስ መለኪያ የምታውቀው የሰውን ቁመት ብቻ ነው፤ ሰውየው ማን እንደ ሆነ አትጠይቅም። በጃንዋሪ 2022፣ በገና ዕለት ሌሊት፣ በትግራይ ደደቢት ተፈናቃዮች በተጠለሉበት ትምህርት ቤት ላይ ከድሮን የተጣለው ቦምብ ከሃምሳ በላይ ሰዎች ገድሏል። ስለ መሣሪያ ረቂቅነት በአድናቆት የሚጽፉ ወገኖቼን ሳነብ ይህ ሌሊት ከአእምሮዬ አይወጣም። አድናቆቱን ስለማልጋራ አይደለም፤ ብልኃቱ ያስደንቃል። ነገር ግን አጥርቶ ማየትና ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን ሐያሲ ከዘነጋ ማን ያስታውሳል?

ይህን ልዩነት የድርሰቱ ማዕከል ያደረገው ኪት ላውመር ነው። በ1967 የወጣው «የመጨረሻው ትእዛዝ» የተባለው አጭር ልብ ወለዱ «ቦሎ» ስለሚባሉት፣ በራሳቸው ስለሚያስቡት ግዙፍ ታንኮች ከጻፋቸው አንዱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በጨረር ስለ ተበከለ ከምድር በታች በኮንክሪት የተቀበረ አንድ ቦሎ፣ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ በአቅራቢያው በሚካሄድ የግንባታ ፍንዳታ ይነቃል። ፍንዳታውን የጠላት ድብደባ ነው ብሎ ይተረጉመዋል። ምድሩን ሰንጥቆ ይወጣና ወደ ከተማው ያመራል። ታሪኩ በከፊል የሚተረከው በራሱ በቦሎው አንደበት ነው፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። አንደበቱ ትሑት፣ ታማኝ፣ ምክንያታዊ ነው። ንዝረቱን፣ ርቀቱን፣ የቀረውን ኃይል በትክክል ይቆጥራል። አንድም የተሳሳተ ልኬት የለውም። የማያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጦርነቱ ማብቃቱን።

ድርሰቱ እንከን የለሽ አይደለም። የግንባታ ኃላፊዎቹና መኮንኖቹ ሕይወት የሌላቸው፣ ለመደናገጥ ብቻ የተፈጠሩ ገጸ ባሕርያት ናቸው፤ ለወታደራዊ ታማኝነት የሚሰጠው ክብርም ለእኔ ጆሮ ይበዛል። ቦሎውን የሚያቆመው መድፍ አይደለም። በአንድ ወቅት አዛዡ የነበረ፣ ዕድሜ የተጫነው ጡረተኛ መኮንን ሄዶ ያነጋግረዋል፤ ብረቱም ድምፁን ያውቃል። ያን ሁሉ መሣሪያ ታጥቆ የመጣውን ማሽን አንድ የታወቀ ድምፅ ብቻ እንዲመልሰው ማድረግ ቀላል መውጫ ነው የሚል ቢኖር አልከራከረውም። ላውመር ግን ዋጋውን አልሸሸገም። ሽማግሌው ወደ ብረቱ ሲጠጋ ጨረሩ እንደሚገድለው ያውቃል፤ ቢሆንም ላዩ ላይ ወጥቶ ከከተማው አርቆ ይወስደዋል። ይህን ክፍል ሳይቸኩሉ ቢያነቡት መልካም ነው፤ ደራሲው በዚያ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጓልና።