ዘር የሚያውቀው ሙቀት

በጌዴኦ፣ በዲላ ዙሪያ ችግኝ የምናፈላ ሰዎች ዘር እምቢ ሲለን መጀመሪያ የምንከሰው ውኃን ነው፤ ቀጥሎ ዘሩን የሸጠልንን ሰው። ሙቀትን የሚከስ ብዙ አላጋጠመኝም። እኔ ግን በሥራው በቆየሁ ቁጥር ሙቀት ዋናው ዳኛ እንደሆነ እያመንኩ መጥቻለሁ። ሙቀት ስል በሬዲዮ የሚነገረውን የአየር ሙቀት ማለቴ አይደለም። ዘሩ የተኛበትን አፈር ማለቴ ነው።

ቡናን እንውሰድ። ለዘር የተመረጠው ቀይ እሸት ይፈለፈልና ገለባውን እንደለበሰ ጥላ ውስጥ ደርቆ በበጋ መደብ ላይ ይዘራል። ወቅቱ ቀኑ የሚያቃጥልበት፣ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝበት ነው። የቡና ዘር ወደ 30 ዲግሪ የሚጠጋ አፈር ይወዳል። አፈሩ ከ20 በታች ከሆነ ሁለት ሦስት ወር ያስጠብቃል። 35ን አልፎ ሲቆይ ደግሞ የሚያጎነቁለው እያነሰ ይሄዳል።

ዲላ 1,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ የቡሌ ደጋ ከ2,500 ይበልጣል። ሽቅብ ሲወጣ ሙቀቱ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ በሁለቱ መካከል ስድስት ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ይህ ለዘር ትልቅ ነገር ነው። እያንዳንዱ ዘር ከዚያ በታች የማይንቀሳቀስበት ዝቅተኛ ሙቀት አለው፤ ከዚያ በላይ ያገኘውን ሙቀት ቀን በቀን እንደ ዕቁብ ያጠራቅማል፣ ሲሞላለት ይበቅላል። ዝቅተኛው 10 ዲግሪ ነው ብንል፣ በ25 ዲግሪ የዋለ ዘር በቀን 15 ያስገባል፣ በ15 ዲግሪ የዋለው 5 ብቻ። ሁለተኛው ሦስት እጥፍ ቀን ያስፈልገዋል።

እንግዲህ አየሩ ሁለት ዲግሪ ቢሞቅስ? ደጋ ላይ 5 የነበረው 7 ይሆናል፤ የመብቀያው ጊዜ ከሩብ በላይ ያጥራል። ደገኛው ቢደሰት አይፈረድበትም። ታች ግን በበጋ ቀትር የሙቀት ጣራው ላይ ለደረሰ መደብ ያው ሁለት ዲግሪ ኪሳራ ነው። በ2009 ዓ.ም. የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት፣ የማላመጃ እርምጃ ካልተወሰደ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል፣ ከፍ ያለው ቦታ ግን ሊመች እንደሚችል ገምቷል። ጥናቱ የሚያወራው ስለቆመ ዛፍ ነው። ሥር የሰደደ ቡና የሚችለውን ሙቀት ገና ያጎነቆለ ዘር አይችለውም።

«ታዲያ ዘሩን በቀዝቃዛ ቦታ እናቆየው» የሚል ይኖራል። ለብዙ ዘር ይሠራል፤ የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በእጥፍ ይረዝማል የሚባል የቆየ የባለሙያዎች መመሪያ አለ። ቡና ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፦ በጣም ከደረቀም በጣም ከቀዘቀዘም ይሞታል። አገራችን የቡና ዝርያዎቿን ጅማ ዞን ጮጬ ላይ እንደ ቆመ ዛፍ የምትጠብቀው ለዚህ ነው። ጥቁር እንጨትም ብዙ መቆየት አይወድም፤ ለቅሞ ወዲያው መዝራት ነው።

ለችግኝ ጣቢያ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዳስ፣ የሳር ጉዝጓዝ፣ በጠዋትና በማታ ውኃ። የሚያሳስበኝ ማንም ያልዘራው ዘር ነው። የጌዴኦ ገበሬ የጥላ ዛፉን ሁሉ ከጣቢያ አያመጣም። የብርብራው ፍሬ ፈንድቶ እዚያው ይወድቃል፣ ዋንዛን ወፍ ታመጣዋለች፤ ገበሬው ሲኮተኩት የሚፈልገውን ያስቀራል፣ ሌላውን ይነቅላል። እንሰቱም ቡናውም ከላይ ያለው ዛፍም ተደራርበው አፈሩን ያቀዘቅዛሉ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር፣ በእኔ ዓይን፣ ከሁሉም በፊት ትልቅ የችግኝ መደብ ነው። ጥላው ተመንጥሮ ጫት ብቻ ሲተከል የተራቆተው አፈር በበጋ ቀትር 40 ዲግሪን ያልፋል። ያኔ ብርብራው ከዳር ቆሞ ፍሬ ቢያፈራም የሚወድቀው ምጣድ ላይ ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ደግሞ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅና የሚተካው ሲታጣ ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአረንጓዴ ዐሻራ ብዙ ችግኝ እንተክላለን፤ የምንጠይቀውም ስንት እንደተተከለ ነው። ዘሩ ከየትኛው ከፍታ ተለቀመ የሚለው ጥያቄ ከቁጥሩ መቅደም አለበት ባይ ነኝ። ለነገው ሙቀት የሚሆን ዘር ምናልባት ዛሬ ከተከላው ቦታ ዝቅ ብሎ ከቆመ ዛፍ ላይ ነው። ከቆላው ግን አይደለም፤ በጣም ዝቅ ካሉ የደጋው ብርድ ችግኙን ይፈጀዋል። ይህ በየቦታው ተዘርቶ መታየት ያለበት ነገር ነው፤ ለማየት ደግሞ መዝገብ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ዘር የምትለቅሙ ወንድሞችና እህቶች፣ በከረጢቱ ላይ ከዛፉ ስምና ከቀኑ ጋር ከፍታውንም ጻፉ። መደብ ያላችሁም አንድ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ዘሩ በተቀበረበት ጥልቀት ትከሉት፤ በቀትርና በንጋት አንብባችሁ መዝግቡ።