ቀለም የሌለው ቢጫ ጀሪካን

በወጣቶች አዳራሻችን ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ሥዕሎች ብዙዎቻችሁ ቆም ብላችሁ ያላያችሁት አንድ አለ፤ በኮፒ ወረቀት ላይ በእርሳስ የተሣለ ጀሪካን። በግራና በቀኙ ባለቀለም ርግብና መስቀል ስላሉ ዐይን ያልፈዋል። እስቲ ቅዳሜ ፕሮግራም ሳይጀመር ሁለት ደቂቃ ስጡት።

መጀመሪያ አፉን ተመልከቱ። ክዳኑ ጠፍቶ በቦታው ፌስታል ተወትፏል። የፌስታሉን እጥፋት ሠዓሊዋ እርሳሷን አሹላ በቀጫጭን መስመር አውጥታዋለች። ሆዱ ላይ ግን እርሳሱን አጋድማ ጥላ በጥላ ደርባለች። ጎኑ ወደ ውጭ አብጧል፤ ስለዚህ ሙሉ ነው። ባለ 20 ሊትር ከሆነ የውሃው ክብደት ብቻ 20 ኪሎ ነው፤ ያ ክብደት ወረቀቱ ላይ አለ። ትከሻው ላይ የሚያበራው ነጭ መስመር ደግሞ ያልተነካ ወረቀት ነው። በእርሳስ የሚሥል ሰው ብርሃን መጨመር አይችልም፤ መተው ብቻ።

እርሳስ የምንለው የብረቱን ስም ይዞ ቀረ እንጂ ውስጡ ግራፋይትና ሸክላ አፈር ነው። ፈረንሳዊው ኮንቴ በ1795 እ.ኤ.አ. ባስመዘገበው ዘዴ ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠጥራል፣ መስመሩም ይሳሳል፤ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል። የእኛዋ ሠዓሊ ከሱቅ የሚገዛው ኤችቢ ብቻ የነበራት ይመስለኛል። ጥቁሩን ያገኘችው በመደጋገም ነው፤ አንድ ቦታ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል።

ቢጫነቱስ? ሥዕሉ ግራጫ ሆኖ ሳለ እኛ ቢጫ አድርገን እናየዋለን። ለቃሊቲ ልጅ የጀሪካን ቀለም አይነገረውም። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻ ያለው ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚሳበው ነው፤ እዚሁ ሠፈራችን ግን ውሃ በፈረቃ እየጠበቅን ጀሪካን እንደረድራለን።

ድክመትም አለው። ከኋላ ያለው ግድግዳ በጣት ታሽቶ ጭስ መስሏል። ከሥር በጌጥ ፊደል የተጻፈው የሳምራዊቷ ሴት ጥቅስም ሥዕሉን ይጋፋዋል። ጥቅስ የሌለው ሥዕል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይሰቀልም የሚል ያልተጻፈ ሕግ ያለን ይመስል! ደግሞም ያቺ ሴት እንስራዋን ጉድጓዱ ዘንድ ትታ ሄዳለች፤ ይህ ጀሪካን ግን ተሞልቶ ቤት ገብቷል። አንድ ሰው ተሸክሞታል።

ጥቅሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ እጀታውን እዩት። ጨርቅ ተጠምጥሞበታል፤ መዳፍ እንዳይቆርጥ።